የማክሰኞ እራትሽን አሳዪን

ትናንት ማታ ምን በላሽ?

አስታወስሽ? ጥሩ። ያለፈው ማክሰኞስ? ከዚያ በፊት የነበረው ማክሰኞስ?

ጠፋብሽ አይደል!

የፋሲካውን ዶሮ ግን አትረሺውም። ማን እንደበለተው፣ እንቁላሉ ለማን እንደደረሰ፣ ቅቤው ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ። ፎቶውም ስልክሽ ላይ አለ። «እንኳን አደረሳችሁ» ብለሽ ከነመሶቡ ለጥፈሽዋል። ላይኩም ጎርፏል።

ዓመቱን የገፋሽው ግን በፋሲካ ዶሮ ነው? አይደለም። በሽሮ ነው። በምስር ወጥ ነው። በድንች አልጫ ነው። የታክሲ ሰልፍ አድክሞሽ ገብተሽ፣ ጫማሽን እንኳ በወጉ ሳታወልቂ፣ የትናንቱን እንጀራ ቆራርሰሽ በሠራሽው ፍርፍር ነው። ቤቱን ያኖረው እሱ ነው።

ታዲያ የት አለ? ማን አየው? ማን ጻፈው?

ዛሬ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ የአዘቦት እራትሽን ለሰው አሳዪ። ስልክሽን አውጪ። ፎቶ አንሺ። እንዴት እንደሠራሽው ሁለት ሦስት መስመር ጻፊ። ልቀቂው። ነገም ድገሚው።

«ሽሮ ማን ያያል?» አልሽ?

ነይ፣ እንጦጦ እንውጣ።

ከሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቆቹን አልፈሽ ዳገቱን ስትያያዢው አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ እየበረታ ይመጣል። ጉለሌ ከኋላሽ ቁልቁል ይቀራል። ሰው እዚህ የሚወጣው ለጠበል ነው፣ ለስፖርት ነው፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለፓርኩ ነው። ማኪያቶውን ያዛል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይለጥፋል፣ ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ይዝናና። እኔ ግን ይህን ተራራ በወጥ ቤቱ በኩል ላሳይሽ።

እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ፣ ገና እቴጌ ያልተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አበሉ። ከየአገሩ የመጣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ያ ግብር እስከ ዛሬ ይወራል። ታሪክ አጥኚው ጀምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ለእርሱ ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። የአገሪቱ የምግብ ባህል አንድ ገበታ ላይ ተሰብስቦ የታየበት ግብር ነው ይለናል።

እሺ፤ ግብሩ ባለቀ ማግስት ግን ምን ተበላ? ያን ሁሉ ቀን ስትፈጭ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር የከረመችው ሴት ቤቷ ገብታ ለልጆቿ ምን አቀረበች? ምን ያህል ጨው ጨመረች? ሽሮዋ በምን ተመጠነ?

ማንም አያውቅም። የጻፈው የለም።

ድግሱ ተጽፏል። እራቱ አልተጻፈም።

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ! አንድ መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በየማታው ምድጃ ነደደ፣ በየማታው ወጥ ተሠራ፣ በየማታው ልጅ ጠግቦ ተኛ። ብልሃቱ ሁሉ ከእናት ወደ ልጅ በጆሮ ብቻ አለፈ። ልጅቷ ከእናቷ ሥር ሆና ካላየች ቀረ። እናት ሞተች፤ የወጡም እጅ አብሯት ሄደ። ያቺ የእንጦጦ ሴት ፊደል አልቆጠረችም፤ ወረቀት አልነበራትም፤ የሚጽፍላት ጸሐፊ ያለው ቤተ መንግሥቱ ነበር።

አንቺስ? አንቺ ኪስሽ ውስጥ ካሜራ አለ። ጽሕፈት ቤት አለ። ማተሚያ ቤት አለ። በአንድ ጣት ቤይሩት የሚደርስ መልእክተኛ አለ። ምክንያትሽ ምንድን ነው?

ምክንያትሽን አውቀዋለሁ። ታፍሪያለሽ።

እንግዳ ድንገት ሲመጣብሽ ምን ትያለሽ? «ምንም የለም፣ ሽሮ ናት» ትያለሽ። ይቅርታ እየጠየቅሽ ታቀርቢያለሽ። አቁሚ! ሽሮ ይቅርታ የሚጠየቅበት ምግብ አይደለም። ሽሮ ጥበብ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እዚሁ እንጦጦ ላይ ቆመን ልንገርሽ።

የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እዚህ ግን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ አይግልም። እሳት ብትጨምሪበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ባቄላው ይንተከተካል፣ ይንተከተካል፣ ቀምሰሽ ስታዪው ገና ነው። ማገዶው አለቀ፤ ልጆቹ ራባቸው፤ ባቄላው አልበሰለም።

የደጋ እናቶች ምን አደረጉ? ፊዚክስ ማንም አላስተማራቸውም። ሽምብራውን፣ አተሩን፣ ባቄላውን አስቀድመው ቆሉት። ከኩት። ከነቅመሙ አስፈጩት። አብዛኛውን የማብሰል ሥራ በአንድ ቀን ጨርሰው በማሰሮ አስቀመጡት። ማታ ላይ ትንሽ ጭራሮ፣ ትንሽ ውሃ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት በቃ። እራት ደረሰ። ለእኔ ሽሮ የድህነት ምግብ አይደለም፤ ለከፍታና ለማገዶ እጥረት የተሰጠ ብልህ መልስ ነው። ይህን መልስ ያገኙ ሰዎች ልጅ ነሽ። ያሳፍራል?

የማገዶ ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ አዲስ አበባን ራሷን ማገዶ ነው ሊያፈናቅላት የነበረው። ዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ሲያልቅ አጼ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩት አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ ደረሰና ከተማይቱ ባለችበት ቀረች። ከዚያ በኋላ ለስንት አስርት ዓመታት የእንጦጦ እናቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ሲወርዱ ኖሩ፤ የከተማው ምጣድ የሰማው በእነሱ ጀርባ ነው። ምድጃሽን አትናቂ። የአገር መናገሻ የት እንደሚሆን የወሰነ ነገር ነው።

እና ዛሬ ማታ ድስቱን ስትጥጂ ይህን አስቢ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርሃትሽ። የሰው ዓይን።

አልስቅብሽም። እናቶቻችን መሶቡን የሚከድኑት፣ ምግብ ሲቀርብ በሩን ዘጋ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም፤ ገበታ ክቡር ነገር ስለሆነ ነው። ክብሩን ጠብቂ። መላ ግን አለው፦ ፎቶውን ከመብላትሽ በፊት አንሺ፣ የምትለጥፊው ግን ከበላሽ በኋላ ይሁን። ልጆቹ ጠገቡ፣ ሰሃኑ ታጠበ፣ ከዚያ ተረጋግተሽ ትጽፊያለሽ። እራትሽም አይቀዘቅዝም። ቤተሰብሽም ስልክ እስኪነሳ ድረስ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም።

ደግሞስ የእኛ አገር ገበታ መቼ ተደብቆ ያውቃል? በራፉ ላይ የሚያልፈውን ሰው «እንብላ!» ሳይል ማን በላ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን አይደል ያደግነው? አሁን ኮንዶሚኒየም ገባን። በር ዘጋን። ጎረቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደሚበላ አናውቅም፤ አንዳንዴ ስሙንም አናውቅም። በሩ ተዘግቷል፤ ስልኩ ግን ክፍት ነው። በዚያው በኩል «እንብላ» በያቸው።

ማን ይሰማሻል? ልንገርሽ።

ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ እህት አለች። ቀኑን ሙሉ የሌላ አገር ምግብ ስታበስል ትውላለች። ማታ ክፍሏ ስትገባ ከአገር ቤት የተላከላት ጥቂት ሽሮ በፌስታል አላት። የእሷ ጥያቄ የሠርግ ዶሮ አሠራር ነው? አይደለም። ጥያቄዋ «ለዚህች ሽሮ ምን ያህል ውሃ ልጨምር?» ነው። ይህን ማን ነገራት? ሪልሱን ብታገላብጠው ያው ክትፎ፣ ያው ዶሮ፣ ያው የሆቴል ማሕበራዊ ነው። የሽሮውን ውሃ የሚነግራት ሰው ጠፋ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለና አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ልጅ አለ። ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋ አለው። ከዚህ በፊት ሽንኩርት ከትፎ አያውቅም። አዲስ ሙሽራ አለች፤ እናቷን ደውላ መጠየቅ አፍራለች። ዋሽንግተን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ ግን የማታነብ ልጅ አለች፤ እጅሽን አይታ ትማራለች።

እነዚህ ሰዎች ሼፍ አያስፈልጋቸውም። አንቺ ነሽ የምታስፈልጊያቸው።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ገጹን እንዳትገልጠው! ይህ ላንተም ነው። «ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ይሠራል» የሚለውን አባባል ዛሬውኑ ጣለው። ዮሐንስ ገብረየሱስ ሙያውን ፈረንሳይ ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ፣ በቴሌቪዥን ቆሞ ሲያበስል አላየህም? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፉ በ2020 አሜሪካ ውስጥ የጄምስ ቢርድን ሽልማት አግኝቷል። አንተን ሽልማት አምጣ አላልኩህም። እንቁላል ፍርፍር ሥራ አልኩህ። ቲማቲሙን ቁረጥ፣ ቃሪያውን ሰንጥቅ፣ እንጀራህን ዘርጋ፣ ፎቶ አንሳ። ብቻውን የሚኖር ወንድምህ አይቶህ ከውጭ ምግብ ይላቀቃል። ገንዘቡም ይተርፋል።

እሺ፣ እንዴት ይጀመራል?

ሌንሱን ጥረጊው። በቃ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ዘይት አይጠፋውም፤ በጣትሽ የነካሽው የካሜራ መስታወት ወጡን ጭጋግ ያለብሰዋል። በነጠላሽ ጫፍ ጥረጊው። ፍላሹን አጥፊው፤ ዘይቱን ያንጸባርቀዋልና። ሽሮውን ገና እሳት ላይ እያለ፣ ሲንተከተክ አንሺው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቆዳ ይሠራል፣ ፊቱም ይጠቁራል። እንፋሎቱ ስልኩን እንዳያላብሰው ከጎን ሆነሽ አንሺ። ስለ ፎቶ ይህ ይበቃሻል። ቀለበት መብራት፣ ትራይፖድ፣ አዲስ ስልክ ምናምን የሚሉሽን አትስሚ። ገንዘቡን ለዘይት አውዪው።

ትልቁ ሥራ ልኬቱ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገርሽ።

«ትንሽ ጨው ጣል አድርጊ።» ትንሽ ስንት ነው? «ውሃውን እንደ ዓይንሽ።» የማን ዓይን? «ሽሮውን በእጅሽ ልክ።» የሪያዷ ልጅ እጅሽን አታውቀውም! እናቶቻችን በዓይን መጥነው የዋጣላቸው ሃያ ዓመት ስላበሰሉ ነው። አንቺ ያን ሃያ ዓመት ለሰው ማካፈል የምትችይው በልክ ስትናገሪ ብቻ ነው። ልኬት የሚባለው ደግሞ ውድ ዕቃ አይፈልግም። የቡና ሲኒ አለሽ? የሻይ ማንኪያ አለሽ? በቃ! ሲኒ በየኢትዮጵያዊው ቤት አለ፣ ሪያድም አለ፣ ዋሽንግተንም አለ፤ መጠኑም ከቤት ቤት ብዙ አይራራቅም።

ዛሬ ማታ ሽሮውን ማሰሮው ውስጥ ጭልፋ ከትተሽ እንደ ልማድሽ ከመበተንሽ በፊት በሲኒ ስፈሪው። ውሃውንም እንደዚያው። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ማክሰኞ ማታ፣ ጉለሌ። ሽሮ በቃሪያ። ሁለት ሲኒ ሽሮ፣ ስምንት ሲኒ ውሃ፣ አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሲኒ ያልሞላ ዘይት። ሽንኩርቱ እስኪለሰልስ ቁላሁት፣ ነጩን ጨመርኩ፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየበተንኩ አማሰልኩ። መጀመሪያ ጓጎለብኝ፤ በጭልፋ ጀርባ ከድስቱ ጎን ላይ ጨፍልቄ ፈታሁት። ሦስት ሰው በላ።»

አየሽ? ለዚህ ደራሲ መሆን ያስፈልጋል? ግን እያንዳንዱ ቃል ለሰው ይጠቅማል። በተለይ የጓጎለው። የተሳካ ምግብ የሚለጥፍ ሞልቷል፤ የጓጎለ ሽሮ እንዴት እንደሚፈታ የሚናገር ግን የለም። የተቃጠለብሽንም አሳዪ። የጨው ብዛት በምን እንደተመለሰ ንገሪን። ያኔ ነው ሰው የሚያምንሽ።

የት እንደሆንሽ መጻፍም አትርሺ። የእንጦጦ ባቄላና የድሬዳዋ ባቄላ እኩል ሰዓት አይፈጅም፤ ዱባይ ያለችው ልጅ በአንቺ ሰዓት ብትሄድ ባቄላዋ ይፈርስባታል። «ደጋ ነኝ፣ ማታ ዘፍዝፌው ነበር» ማለት ብቻ ይበቃል።

ቲክቶክ ነው፣ ቴሌግራም ነው፣ ፌስቡክ ነው፣ አትጨናነቂ። ሰውሽ ያለበት ቦታ ሂጂ። ቤተሰብሽ ቴሌግራም ላይ ከሆነ አንድ ቻናል ክፈቺ፤ የሚከፈልበት ነገር የለም፣ ፎቶውም ብዙ ዳታ አይበላም። ቪዲዮ ካወደደብሽ ፎቶና ጽሑፍ በቂ ነው። እንዲያውም ጽሑፍ ይሻላል፤ ሰው ድስት አጠገብ ቆሞ ቪዲዮ ከሚያቆምና ከሚመልስ አንብቦ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መቀጠል።

ሦስት ቀን ለጥፈሽ አምስት ሰው አይቶሽ «አይ፣ አይሆንም» ብለሽ ልትተዪው ነው? እንደዚያ ከሆነ አትጀምሪው። ተነስተሽ እንጦጦ ጫካ ማለዳ ውጪ። ጎህ ሲቀድ በባሕር ዛፉ መሐል የሚሮጡትን ልጆች እያቸው። የሚያጨበጭብላቸው አለ? የሚቀርጻቸው ካሜራ አለ? ምንም የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴም በዚህ ተራራ ላይ ነው የሮጠው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቁን ሲያጠልቅ ዓለም ያየው 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ብርዳማ ማለዳዎች ማን አየ? ዘጠኟን መቶኛ ያመጡት ግን እነሱ ናቸው።

ማይንድሴትሽን እዚህ ላይ ቀይሪ። የምትለጥፊው ለመታየት አይደለም። የምትለጥፊው ልማድ ስላደረግሽው ነው። ላይክ አትቁጠሪ። ስንት ሰው አየኝ አትበይ። ይልቅ ዛሬ ጻፍኩ ወይስ አልጻፍኩም ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ልማዱን ደግሞ ካለሽ ልማድ ጋር እሰሪው። ሰሃን ካጠብሽ በኋላ ቡና ወይ ሻይ ትጠጪያለሽ? ያኔ ጻፊው። በየማታው፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት። አንድ ቀን ዘለልሽ? ዘለልሽ። በማግስቱ ቀጥዪ። ዳቦና ሻይ በልተሽ የተኛሽ ቀንስ? «ዛሬ ዳቦ በሻይ» ብለሽ ጻፊ! እሱም እራት ነው። አገሩ ምሽቱን በዳቦና ሻይ እንደሚያሳልፍ ማን ያላወቀ አለ?

ይህ ትንሽ ነገር የት ሊደርስ እንደሚችል ትጠራጠሪያለሽ? አንድ ታሪክ ልንገርሽ።

ስኮትላንድ ውስጥ ማርታ ፔይን የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 ትምህርት ቤት የሚቀርብላትን ምሳ በየቀኑ ፎቶ እያነሳች ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ጀመረች። ጣዕሙን ነጥብ ትሰጠዋለች፣ ስንት ጉርሻ እንደሆነ ትቆጥራለች። በቃ። የተለየ ነገር አልነበረውም፤ የልጅ ምሳ ነው። የአካባቢው አስተዳደር ካሜራ ይዘሽ እንዳትገቢ ብሎ ከለከላት። ሰው ሁሉ ተቆጣ፤ ክልከላውም ወዲያው ተነሳ። በዚያው ግርግር ለተራቡ ተማሪዎች ብላ በጀመረችው መዋጮ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በገንዘቡ ማላዊ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተሠራ።

ያቺ ልጅ የጀመረችው ወጥ ቤት ልትሠራ አስባ ነው? አይደለም። ምሳዋን አሳየች። በየቀኑ አሳየች። ሌላው ተከተለ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ከኮሪያ የመጣውን ሙክባንግ አይተሽው ይሆናል፤ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ለአሥር ሰው የሚሆን ምግብ ለብቻ መጨረስ። ወደ እኛም ቲክቶክ ገብቷል። አትከተዪው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው የምግብ ብክነት ሕግ እንዲህ ያለውን ከመጠን በላይ የመብላት ትርኢት ከልክላለች፤ በገንዘብም ትቀጣበታለች። ትክክል አድርጋለች። በእኛ አገር ደግሞ ያው ስልክ በተራበ ሰው እጅም አለ። የሚበላው ያጣ ሰው የአንቺን የሽሮ ድስት ቢያይ ብልሃት ይማራል፤ የጥሬ ሥጋ ተራራ ቢያይ ልቡ ይሰበራል። ልዩነቱን ጠብቂ። የቤትሽን መጠን፣ ቤተሰብሽ የበላውን ልክ አሳዪ።

ጨዋነቱንም አትርሺ። ረቡዕና ዓርብ የጾም እራትሽን አውጪ፤ ሰውም የጾም ወጥ ይማራል። ሙስሊም ጎረቤትሽ በረመዳን ሲጾም ፎቶሽ ከኢፍጣር በኋላ ይውጣ። የሰው ልጅ ፊት ያለ ወላጁ ፈቃድ አትለጥፊ። የእንግዳሽን ሰሃን ስታነሺ «ይቻላል?» በይ።

«ከዚህ ገንዘብ ይገኛል ወይ?» ትያለሽ። አንዳንዱ ያገኛል። በርበሬ አዘጋጅቶ፣ እንጀራ ጋግሮ በቴሌግራም የሚሸጥ ሞልቷል፤ ሰው ወጥሽን ለረጅም ጊዜ ካየ በርበሬሽን ያምናል። ያ ቢመጣ እሰየው። አነሳስሽ ግን በእሱ አይሁን። ገንዘብ አስቦ የጀመረ ሰው የሚያሳየው ያው ዶሮውን ነው፣ ያው የበዓሉን ነው፤ ሽሮው ተመልሶ ይደበቃል።

እናትሽ በሕይወት ካለች ደግሞ ዛሬ ደውዪላት። «እማዬ፣ የአልጫ ክክሽ ምን ያህል እርድ ነው?» በያት። «ትንሽ» ብትልሽ አትልቀቂያት። ሄደሽ አጠገቧ ቁሚ፤ ልትጨምር ስትል እጇን ያዢና በሻይ ማንኪያ ስፈሪው። ትስቅብሽ ይሆናል። ይሳቅብሽ። ስፈሪው፣ ጻፊው፣ በስሟ ለጥፊው። «የእማዬ አልጫ» ብለሽ። ካነበበልሽ ሰው ይልቅ እሷ ስታየው የምትሆነውን እዪ።

እኔ የምጠብቀው ይህን ነው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ሰው «የጉለሌ ሰው ማክሰኞ ማታ ምን ይበላ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይኑር። በዶሮ ሳይሆን በሽሮ፣ በቆስጣ፣ በድንች፣ በፍርፍር የተጻፈ መልስ። ከነልኬቱ። ከነጓጎለው።

ዛሬ ማታ ምን ልትሠሪ ነው? እንግዲያው ሲኒሽን አጥበሽ ከማሰሮው አጠገብ አስቀምጪ፣ ሌንሱን ጥረጊ፣ ሥሪ፣ ብዪ፣ ከዚያ ጻፊው። የመጀመሪያዋ መስመር ቀኑና ሰፈርሽ ትሁን። ከመተኛትሽ በፊት ልቀቂው።